ጋን አድማጩ

ጦሳ ጉም ደርቦ ደሴን ሲያስረፍዳት፣
አባቴ ነቅቷል ከመንጋቱ በፊት።
ሰው ሚስቱን ያደምጣል፣ ሰው ሬድዮ ይከፍታል፣
እሱ ጋቢ ደርቦ ጋን ፊት ይንበረከካል።
ጆሮውን ይለጥፋል ከሸክላው ሆድ ላይ፣
እንደ አዋላጅ ሴት፣ ሽል እንደምታይ።
«ስሚያት፣ ልጄ» ይላል፣ «ገና ታወራለች፤
ወሬዋን ስትጨርስ ያኔ ትጠጣለች።»

ጋኑ ያያቴ ነው፤ ከቃሉ በአህያ
ሐረጎን ሲወጣ፣ እዚያው መታጠፊያ፣
ከንፈሩ ተሸርፎ ደርሷል ከነጉዱ፤
«እንኳን አፉ ሆነ፣ ይትረፍልኝ ሆዱ»
ብሎ ነበር አሉ አበጋዝ ሲያራግፍ፤
የጋን ውበት ሆድ ነው፣ ምን ያደርጋል አፍ።
ከታቹ ያው ጠጠር፣ ያኔ የወሸቀው፤
ማንም አይነካውም፣ ተረቱን ስለሚያውቀው።

ማሩ የእንድሪስ ነው፤ ከሳይንት ያመጣል፤
ጠጁን ባይቀምስም ቀለሙን ያውቀዋል።
በሁለት ማሰሮ እኩል ይበጠበጣል፣
ማሩ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ እጁም አንድ ሆኗል፤
አንዱ ጌሾ ሳይነካው ለጦይባ ይቀራል፣
አንዱ ጌሾ ጠጥቶ ጋን ውስጥ ይከርማል።
አክስቴ ብርዟን ይዛ፣ አባቴ ብርሌውን፣
ይቀመጣሉ እኩል፣ ሳይለዩ ወንበሩን።
«ያንተ ጠጅ» ትለዋለች፣ «ያኮረፈ ብርዝ ነው»፤
«ያንቺም ብርዝ» ይላታል፣ «ጠጅ ነው ያልጨከነው»።

ደርሶ ሲቀዳ ግን፣ በብርሌው አንገት
ጥቃቅን አረፋ ይወጣል በሰልፍ፣ በፍጥነት፤
መጀመሪያ ጣፋጭ፣ ቀጥሎ እንደ ጭስ፣
ኋላ ላይ እንደ እውነት ጉሮሮ የሚነክስ።
ዳኛም ጠጥቶታል፣ የከሰሰው ሰውም፤
እዚያ ወንበር ላይ ግን መዝገብ አይገለጥም።

አንድ ዓመት ከሸገር ነጋዴ መጣና፣
ቅጣው የሚሉት፣ ባለ ነጭ መኪና፣
ብርሌውን ጨልጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
«ሻምፓኝ ነው!» አለ፣ ከወንበሩ ተፈናጥሮ፤
«ፈረንጅ በቡሽ አስሮ በወርቅ ይሸጠዋል፣
ይሄን ነገር እዚህ ማን ያውቅላችኋል?»
አባቴ ጋኑን ሰማ፤ «ታወራለች ገና፤
አራት ቀን ታገሠኝ» አለው በልመና።
ያ ሰው ግን ችኩል ነው፤ አርባ ጠርሙስ ሞላ፣
ቡሹን በመዶሻ ቀረቀረ ኋላ፤
መኪናው ላይ ጭኖ ወረደ ኮምቦልቻ፤
እስከ ሐርቡ ድረስ ዝም ነበር፣ ዝም ብቻ።
ከሚሴ ሲደርሱ፣ ፀሐይ አናት ላይ፣
አንዷ ጠርሙስ ፈነዳች፤ ቡሽ ወጣ ሰማይ።
ሁለተኛዋ ሰማች፤ ሦስተኛም ቀጠለች፤
አርባዋም ወሬዋን በአንድ አፍ ጨረሰች።
ግመሉ ደንብሮ ገበያው ታመሰ፤
ቅጣው ከነከረባቱ በጠጅ ራሰ።
ንብ ሸኘው አሉ እስከ ሰንበቴ።

ሳምንት ቆይቶ መጣ፣ አንገቱን ደፍቶ፤
አባቴ አልሳቀም፤ ወንበር አስጠግቶ፣
ጆሮውን ይዞ ወሰደው ወደ ጋኑ።
«ምን ሰማህ?»
«ምንም» አለ ቅጣው።
«እሱ ነው» አለ አባቴ፣ «ምንም ስትል ነው የምትቀዳው።»

ዘንድሮ ጆሮው ከዳው፤ ጋን ፊት እኔ ቆሜ
እነግረዋለሁ የሰማሁትን ደግሜ።
ጦይባም የለችም፤ በመውሊድ ወር ሸኘናት፤
እሱ ግን ብርዟን ዛሬም ለየላት፣
ከማጀቱ ጥግ፣ በዚያችው ማሰሮ፣
ክዳኗን ደፍቶ፣ በነጭ ጨርቅ አስሮ።
የሚጠጣት የለም፤ ቀን በቀን ላይ ዋለ፤
አራተኛው ሌሊት አንድ ነገር አለ፤
ጌሾ ያልነካው ብርዝ፣ ማንም ያልጠነሰሰው፣
ክዳኑን ሲያንኳኳ ሰማሁ እንደ ሰው።
አባቴን ቀሰቀስኩ፤ መጣ ጋቢውን ጎትቶ፤
መዳፉን አሳረፈባት፣ ጆሮውን ትቶ፤
«ምን ትላለች?» አለኝ፣ «ንገሪኝ፣ እናትዬ።»
«አኮረፈች» አልኩት፣ በጆሮው ጮክ ብዬ።